የይሉኝታ አዎ

ሰኞ 4

ውጤቱ ወጣ። ባዶ ነው።

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሌላ ነገር ነበር። ግን የዛሬውን ለሰው ባወራ ነገ ይጸጽተኛል፣ ዝም ብል ደግሞ ሆዴ ይቆጣል። እዚሁ ልትፋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምሠራበት የጤና ሥነ ልቦና ማዕከል ደም ግፊት ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍለን ነበር። ግማሾቹ መድኃኒታቸውን ወስደው እንደሆነ የሚጠይቅ መልእክት በየማለዳው በስልካቸው ይደርሳቸዋል። ግማሾቹ ምንም አይደርሳቸውም። ከዚያ ነርሶች የሁሉንም ቤት እያንኳኩ የቀረውን ክኒን ይቆጥራሉ። መልእክቱ ከሠራ፣ መልእክት የሚደርሳቸው ሰዎች ቤት የሚተርፈው ክኒን ማነስ አለበት። አላነሰም። የደረሰውም ያልደረሰውም ክኒኑን እኩል ያስቀምጣል።

ቁጥሩን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ሠንጠረዡን ይዤ ፕሮፌሰሩ ጋ ገባሁ። ከጀርባው «ግልጹ» ነው የምንለው፤ ግልጽነት የምትል ቃል ሳያስገባ ንግግር አይጨርስማ። በቢሮው የመስታወት በር ላይ በትልቁ «ሳይንስ ገመና የለውም» ብሎ ለጥፏል። ሠንጠረዡን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ የሻይ ማንኪያውን ላሰና መልሶ ስኳሩ ውስጥ ከተተው።

«ገና አልበሰለም። ደግመሽ እዪው» አለኝ።

ድንች መሰለው እንዴ! አልኩ፤ በሆዴ። በአፌ «እሺ ፕሮፌሰር» ነው ያልኩት።

ረቡዕ 6

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፤ ጽሑፌ ይንቀጠቀጣል።

አዛውንቶቹን አውጥተን ሞከርን። የለም። ሴቶቹን ብቻ። የለም። ሩቅ የሚኖሩትን ቀንሰን። የለም። ግልጹ የወንበሬን መደገፊያ ይዞ ከኋላዬ ቆሟል፤ ትንፋሹ አንገቴ ላይ። ቅፍፍ አለኝ። «እስቲ ደግሞ ከዚህኛው ትንሽ ቀንሺ።»

አጠገቤ የምትቀመጠው የሥራ ጓደኛዬ፣ በምላሷ ምክንያት ምላጭ የምንላት፣ ዓይኗን ከስክሪኗ ሳትነቅል «ፀጉር ቤት አደረጋችሁት እኮ» አለች። «ከዚህ ትንሽ፣ ከዚያ ትንሽ፣ ራሰ በራ ሳታደርጉት አትለቁትም።»

እሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ያስገለፍጠኛል?

እሁድ 10

ዝናብ። ቤት ነኝ፤ ጊዜ አለኝ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአባዬ ጋር ነው የምኖረው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ አሁንም ግን ሳይነጋ ይነሳና ልብሱን ለብሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። መኪናው ሊመጣለት ይመስል። ግፊት ካለበት ቆይቷል። የሠፈራችን ጤና ጣቢያ ደግሞ የኛ ጥናት ገና ሳይወጣ መልእክቱን ለራሱ ታካሚዎች «ለሙከራ» መላክ ጀምሯል፤ ግልጹ ነው ያቀበላቸው። እናም ዛሬ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። አባዬ መነጽሩን አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ጮክ ብሎ አነበበ።

«አባታችን፣ ጤና ይስጥልን። የዛሬ መድኃኒትዎን ወስደዋል? አዎ ከሆነ 1፣ አይ ከሆነ 2 ይጫኑ።»

በዚያ ሰፊ አውራ ጣቱ አንድን ተጫነ። ጠበቀ። መልስ መጣለት፦ «እናመሰግናለን አባታችን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።»

«አሜን ልጄ» አለ፣ ለስልኩ።

«ማንን ነው አሜን የምትለው?»

«ልጅቷን ነዋ።»

«የምን ልጅ? ኮምፒውተር እኮ ነው አባዬ።»

«ሂጂ እዚያ! ኮምፒውተር አባታችን ይላል? ይቺ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ሰው ያሳደጋት።»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የቀረበው «መድኃኒት ወስደዋል?» የሚል ደረቅ ነገር ነበር፣ የቀበሌ ማስታወቂያ የመሰለ። «ሰው የሚያስብላቸው እንዲመስላቸው አባታችን፣ እናታችን እንበላቸው» አልኩ በስብሰባ ላይ። ሁሉም አጨበጨበ። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ብዙ ሰው ያነበበው እሱን ነው። አባዬ ግን የኔ መሆኑን አያውቅም፤ ልነግረው ብዬ ተውኩት። ደስታውን ለምን እቀማዋለሁ።

አንድን ሲጫን አጠገቡ ውሃ አልነበረም። ኋላ ሊወስድ ይሆናል።

ሐሙስ 14

ወይ ጉድ። ወይ ጉድ። ወይ ጉድ።

ግልጹ መላ አገኘ። ጥናቱ ሲያልቅ ሁሉንም ሰዎች በስልክ «መድኃኒትዎን በየቀኑ ወስደዋል?» ብለን ጠይቀን ነበር፤ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ ከታች በሁለተኛ ደረጃ ያስቀመጥነው ነገር። እዚያ ላይ መልእክት ሲደርሳቸው ከከረሙት መካከል «አዎ» ያሉት ካልደረሳቸው በብዙ ይበልጣሉ። እንግዲህ እሱ ወደ ላይ ይውጣ፣ ክኒን ቆጠራው ወደ ታች ይውረድ ነው ነገሩ።

«ታካሚውን ራሱን ከማመን የበለጠ ምን ግልጽነት አለ?» አለኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ዓይኑን በጨው አጥቦ!

ግን አንድ ችግር አለ። ጥናት ከመጀመራችን በፊት ምን እንደምንለካ ኢንተርኔት ላይ ባለ ክፍት መዝገብ አስመዝግበናል፤ ማንም ገብቶ ያየዋል። መዝገቡ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው፤ ፈተናው ካለቀ በኋላ ጥያቄውን መቀየር እንዳይቻል። በየአዳራሹ ስለዚህ መዝገብ የሚሰብከው ደግሞ ማን ሆነና? ራሱ!

«አርሚያት» አለኝ። ለውጥ አላለም። ማረም ነው ያለው።

እሱ የይለፍ ቃሉን ሁልጊዜ ስለሚረሳ በኔ ስም ነው የምንገባው። ገባሁ። «ቀዳሚ ውጤት» ከሚለው ፊት «በነርስ የሚቆጠር ክኒን» የሚለውን አጥፍቼ «የታካሚው የራሱ መልስ» ብዬ ጻፍኩ። የለውጡ ምክንያት ሲለኝ «የቃላት እርማት» አልኩ። ከዚያ ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። በሳሙና። ደግሜ ታጠብኩ።

መዝገቡ የድሮውን አያጠፋም። ከሥር አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ስትጫናት ምን እንደነበረ፣ መቼ እንደተለወጠ፣ ማን እንደለወጠው ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። ግልጹ ይህን አያውቅም። አልጠየቀኝም፣ አልነገርኩትም።

ኮንትራቴ በዚህ ሰሞን ነው የሚታደሰው። ይህ ከዚያ ጋር አይገናኝም።

አርብ 15

የቃላት እርማት። ኤጭ!

ማክሰኞ 19

ጽሑፉን የላክንለት ጆርናል መረጃውን ለሕዝብ ለሚከፍት ጥናት አረንጓዴ ክብ ማኅተም ይሰጣል፤ «ክፍት መረጃ» የሚል። በጽሑፉ ግንባር ላይ ትለጠፋለች። ግልጹ እቺን ማኅተም ሲያይ ዓይኑ ውሃ ይቋጥራል።

ፋይሉን ሳዘጋጅ «የክኒን ቆጠራዋን ዓምድ አውጫት» አለኝ።

«ለምን?»

«የታካሚ ገመና ናት።»

ቀና ብዬ በሩን አየሁት። ሳይንስ ገመና የለውም። እሱም ዞሮ አየውና «የሳይንስ አልኩ እንጂ የታካሚ አላልኩም» አለ። አቤት ምላስ! ሰዉ ቤት ስንት ክኒን ተረፈ የሚለው ገመና፣ ዕድሜው፣ ፆታው፣ ክብደቱ፣ ትምህርቱ ግን ገመና አይደለም።

አወጣሁት። ሙሉው ፋይል እኔ ጋ አለ፤ ያስቀመጥኩት ለምንም አይደለም፣ ልማዴ ነው።

ምላጭ ማኅተሟን ስክሪኔ ላይ አይታ «ደረቱ ላይ ሜዳልያ፣ ሱሪ ግን የለም» አለችኝና ምሳዋን ልትበላ ወጣች። በሳቅ ፈንድቼ ወዲያው ስክሪኑን ዘጋሁት። ሜዳልያዋን የሰፋሁት እኔ ነኛ።

ቅዳሜ 23

ሲስተር መጣች። በየሳምንቱ አባዬን ቤት መጥታ የምትለካው ነርስ ናት፤ የኛንም ጥናት ክኒን ከቆጠሩት አንዷ። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ በር ላይ ልታወልቅ ስትል አባዬ «ግቢ ልጄ፣ ወለሉ ይታጠባል፣ አንቺ ከየት ትገኛለሽ» አላት። ይህን ሁሌ ይላታል።

ለካችው። ፊቷን ቋጠረች። ደግማ ለካችው።

«ከፍ ብሏል አባባ። እየወሰዱ ነው?»

«እንዴታ! በየቀኑ ነው የሚጠይቁኝ።»

ጠርሙሱን ከፈተችና «ብዙ ነው እኮ ያለው» አለች።

«አዲስ ጨምረውልኝ ነው» አላት። መቼ ነው የጨመሩለት? እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ይሆናል።

እስከ በር ስሸኛት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የቤት ለቤቱ ሊቀር ነው አሉ» አለችኝ። «ስልኩ ይበቃል ተባለ። ጥናት ወጥቷል ነው የሚሉት። የናንተ ነው እንዴ?»

«ገና አልወጣም» አልኳት።

የጠየቀችኝ እሱን አይደለም። ገብቶኛል እኮ፤ ምን ልበላት? ጃንጥላዋን ስትዘረጋ አንዱ ሽቦ ተሰብሯል። እሱን አያለሁ ብዬ ዓይኗን ሳላይ ቀረሁ።

ረቡዕ 27

ጆርናሉ ገምጋሚዎቹንም በስማቸው ነው የሚያወጣው፤ ሁሉም በአደባባይ። አንደኛው «ነርሶቹ የቆጠሩት ክኒን የት ገባ?» ብሎ ጠየቀ። ጎበዝ! በልቤ ሳምኩት።

ከዚያ መልሱን ጻፍኩ። ግልጹ እየነገረኝ፣ እኔ እያሳመርኩ። «ቆጠራው በመስክ ላይ በነበረ ጥንቃቄ ጉድለት ምክንያት አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም።» የማን ጥንቃቄ? የሲስተር። በዚያ ጭቃ ገደል ለገደል ሄዳ፣ አንድ አንዱን በጣቷ እየገፋች የቆጠረችው ሴት ጥንቃቄ የላትም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠን የምንገለብጠው እኛ ጥንቁቆች ነን። ድንቄም!

አንገፈገፈኝ። ግን ዓረፍተ ነገሩ ያምራል። ማማሩ ነው የባሰ ያስጠላኝ።

ማታ ከጆርናሉ ለሁላችንም መልእክት መጣ፤ የመጨረሻውን ጽሑፍ አንብበው ተስማምተዋል? አዎ፣ አይ።

አዎ።

ማክሰኞ 10፣ አዲስ ወር

ወጣ። አረንጓዴዋ ክብ ግንባሩ ላይ። ስሜ ሁለተኛ።

ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ለስላሳና ብስኩት ቀረበ። የጤና ቢሮው ኃላፊ በአካል መጣ፤ የግልጹን እጅ ይዞ ሲወዘውዝ ትከሻው የሚገነጠል መሰለኝ። «ስልክ አይደክመውም፣ ጫማ አይፈልግም፣ ፈቃድ አይጠይቅም» አለና የራሱ ቀልድ አሳቀው። ሁሉም ሳቀ። ከዚህ ሳምንት በኋላ የቤት ለቤት ጉብኝቱ ይቆማል፤ ነርሶቹ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራሉ፤ ታካሚው በስልክ ይያዛል። ግልጹ ተነስቶ ስለ ግልጽነት ተናገረ። ብስኩት እያኘከ። ፍርፋሪው ክራቫቱ ላይ።

አጨበጨብኩ። እጄ ነው ያጨበጨበው ማለት ይቻል ይሆን?

ሐሙስ 12

ሲስተር ልትሰናበት መጣች። የመጨረሻዋ ነው። አባዬ ተነስቶ ግንባሯን ሳማት፤ ወገቡን እያመመው።

«አታስቢ ልጄ» አላት። «ያቺ የስልኳ ልጅ አለች፣ አንድ ቀን ረስታኝ አታውቅም።»

ሲስተር ዞራ አየችኝ። ቁጣ ቢሆን ደስ ባለኝ። አልነበረም። የደከመው ሰው አስተያየት ነው ያየችኝ። የጻፍነውን ያነበበች ይመስለኛል፤ ስለ ጥንቃቄ ጉድለት ያልነውን። ክፍት ነው፣ ማንም ያነበዋል።

ረቡዕ 18

ሥራ እንደገባሁ ምላጭ ወንበሬን እየጎተተች «ነይ፣ ነይ፣ ጉድሽን እዪ» አለችኝ።

በሌላ ከተማ የምታስተምር አንዲት መምህር ከጽሑፋችን ሥር በአደባባይ ጥያቄ ጽፋለች። ተማሪዎቿ መዝገብ ማንበብ እንዲለማመዱ የኛን ሰጥታቸው ኖሮ፣ ያቺን ትንሽ ቁልፍ ተጭነዋል። «ከአክብሮት ጋር ልጠይቅ፤ መጀመሪያ ቀዳሚ ውጤት ተብሎ የተመዘገበው የክኒን ቆጠራ ነበር። መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው የተለወጠው። ምክንያቱ ምንድን ነው?» ከሥሩ የለወጠው ሰው ስም አለ። የኔ ስም፣ ከነአባቴ።

ግልጹ አስጠራኝ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«የድሮው አልጠፋም እንዴ?»

«አይጠፋም።»

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም።»

የሻይ ማንኪያውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ደስ አለኝ፤ ዋሽቼ ምን ላድርግ። ግን ደስታው እስከ በሩም አልደረሰም። ተረጋግቶ ተቀመጠና የኔ እህት ይለኝ ጀመር። የኔ እህት ካለኝ አለቀልኝ።

«የኔ እህት፣ እኔ ስህተት ነው ብል ማዕከሉ ይነካል። አንቺ ብትይ ግን ያልፋል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት።» ጽፎ አስቀምጦታል፦ ለውጡ ረዳት ተመራማሪዋ በመጀመሪያው ምዝገባ ላይ የሠራችውን የጽሑፍ ስህተት ለማረም የተደረገ ነው። ከመጀመሪያውም የታሰበው የታካሚዎቹ መልስ ነበር።

«በራስሽ ስም ለጥፊያት። እስከ ሰኞ። ኮንትራትሽም እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አብረን እንጨርሰዋለን።»

እሺ አልኩት። ምነው አፌ ሌላ ቃል አያውቅም?

አርብ 20

አልለጠፍኩም። ግን ወረቀቱን አልቀደድኩም። ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ከማበጠሪያዬ ጋር።

ብለጥፈው ምን ይሆናል? ሥራዬን አላጣም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። ሲስተር ለማንኛውም ተዛውራለች። አባዬን ስልኩ ይጠይቀዋል።

እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል ዋልኩ። እግሬን መሬት ላይ ፈጥፍጬ ማልቀስ አማረኝ፣ እንደ ሕፃን።

እሁድ 22

ሆስፒታል ነኝ። ኮሪደር ላይ።

ጠዋት አባዬ ወንበሩ ላይ ነበር። ሻይ ሳቀብለው ብርጭቆው ከግራ እጁ ወደቀ። «ምነው አባዬ?» ስለው ሊመልስልኝ ሞከረ፣ አፉ ወደ አንድ ወገን ሄደ። ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። ጎረቤታችን በመኪናው አደረሰን። የአባዬ አንድ እግር ጫማ አልነበረውም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቷል። «የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«አዎ፣ በየቀኑ» አልኩት። ሳላስብ። እንደ አባዬ።

«እርግጠኛ ነሽ? ግፊታቸው መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይመስልም።»

ያን ጊዜ ውሃ በላኝ።

እሁድ፣ ከሰዓት

ልብስ ላመጣለት ቤት ደረስኩ። ከአልጋው አጠገብ ያለውን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩ። ክኒኖቹ እዚያ ናቸው። ከጠርሙሱ ያወጣቸው፣ ከጤና ጣቢያ የሰጡት፣ ሁሉም። በሶፍት ጠቅልሎ ጠቅልሎ። ቆርቆሮው ሞልቷል። ስልኩን አነሳሁ፤ ወደ ላይ ገፋሁት፦ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ከሥር ከሥሩ እናመሰግናለን አባታችን፣ እናመሰግናለን አባታችን።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ለካ እንዲህ ነው ልዩነቱ የመጣው። ጥናቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ አባዬ ናቸው። በየማለዳው አንዲት ሥርዓት ያላት ልጅ አባታችን፣ እናታችን እያለች ጤናቸውን እየጠየቀች፣ እየመረቀች፣ ማን ጨካኝ ነው አይ የሚላት? ይሉኝታ ነው የለካነው። ክኒን ያስዋጠ መልእክት አይደለም የጻፍኩት፤ ሰው አይ እንዳይል አፉን የሚይዝ መልእክት ነው የጻፍኩት። ከዚያ «አዎ» አሉ ብዬ አሳተምኩ። አረንጓዴ ማኅተም አስለጠፍኩበት። የቆጠረችውን ሴት ጥንቃቄ የላትም አልኩ፣ ከአባቴም ቤት አስወጣኋት።

ሲስተር ጠርሙሱን የከፈተች ቅዳሜ ዕለት አውቄያለሁ። ይኸው ጻፍኩት። «ኋላ ሊወስድ ይሆናል» ብዬ የጻፍኩ ዕለት አውቄያለሁ። ዓይኔ አይቶ ልቤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ግልጹን ስጸየፍ ከረምኩ፤ ማንኪያው፣ ትንፋሹ፣ ፍርፋሪው። እሱን መጸየፍ እንዴት ያለ ምቹ ወንበር ነው! ተቀምጬበት ከረምኩ እኮ።

ሰኞ 23

ከኮሪደሩ ላይ በስልኬ ለጠፍኩ። የሱን ሳይሆን የኔን።

«የለወጥኩት እኔ ነኝ። የጽሑፍ ስህተት አልነበረም። ልንለካ ያስመዘገብነው የክኒን ቆጠራውን ነው። ቆጠራው ልዩነት አላሳየም፤ ልዩነት ስላላሳየ ቀየርነው። ነርሶቹ የቆጠሩት በትክክል ነው። ቆጠራው ያለበት ሙሉ ፋይል የታካሚዎቹ ስምና አድራሻ ተነስቶ ከዚህ በታች ተያይዟል። የመልእክቱን ጥያቄ የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ አይ ለማለት በሚያሳፍር መንገድ ነው የጻፍኩት።»

የአባዬን ነገር አልጻፍኩም። እሱ መረጃ አይደለም።

ግልጹ ደጋግሞ ደወለ። በመጨረሻ አነሳሁት።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ።

«ማንም።»

«ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው እኮ!»

በሩ ላይ የለጠፈውን ላስታውሰው አሰብኩና ደከመኝ። ዘጋሁት።

ሐሙስ 26

ምላጭ ሆስፒታል መጣች፣ ብርቱካንና ካርቶን ይዛ። ካርቶኑ ውስጥ ኩባያዬ፣ ሹራቤና የዴስኬ መብራት አለ። ጠረጴዛዬን ባዶ አድርገውታል፤ ኮንትራቱ ቀረ ማለት ነው፣ የነገረኝ ግን የለም።

«ማኅተሟ ወረደች» አለችኝ። «ጆርናሉ ምርመራ ላይ ነው የሚል ማስታወቂያ ለጥፎባታል። ሰውዬው አሁን ሱሪ ፍለጋ ላይ ነው።»

ስቄ አለቀስኩ። እሷም አፍንጫዋን ጠረገች፤ ጉንፋን ነው አለች።

«አንቺስ?» አልኳት።

«እኔማ ምን አለኝ፣ ስቀልድ ነው የከረምኩት» አለችና ብርቱካን መላጥ ጀመረች። ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነው ያለችው።

ማታ ሲስተር ደወለች። የቢሮው ኃላፊ ነገሩ እስኪጣራ ጉብኝቱ ይቀጥል ብሏል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላወቀችም። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት «አባባ እንዴት አደሩ?» አለችኝ። የሱን ስንጫወት ይቅርታው ሳይነገር ቀረ። በስልክ አይሆንም፤ ሄጄ ነው የምላት።

ቅዳሜ 28

አባዬ ዛሬ ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። የግራ እጁ ገና ነው፤ አፉ ግን ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። ቃላቱ ቀስ እያሉ፣ ግን ጥርት ብለው ይወጣሉ።

ክኒኑን ለምን እንዳልወሰደ ጠየቅሁት። ክኒኑ ቶሎ ቶሎ ሽንት ያስኬደዋል፤ መሪ ይዞ ሰው ጭኖ ሲነዳ መጸዳጃ የሚሆን ማቆሚያ ስላልነበረው ያኔ ነው የተወው። ከዚያ በኋላ መቼ ልጀምር ይበል? ሰው ሲጠይቀው ደግሞ እየወሰድኩ ነው ብሏል። አንድ ጊዜ ካለ በኋላ እንዴት ይመልሰው።

እያወራን ስልኩ ጮኸ። ልማዱ ሆኖበት በቀኝ እጁ ፈልጎ አገኘው። መነጽሩን አደረግሁለት።

«አባታችን፣ ጤና ይስጥልን…»

አውራ ጣቱ ወደ አንድ ሄደ።

«አባዬ» አልኩት፣ «ያቺ ልጅ እኔ ነኝ።»

«የቷ ልጅ?»

«የስልኳ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አባታችን የምትልህ እኔ ነኝ።»

አውራ ጣቱን ከስልኩ ላይ አነሳ። ይስቃል ብዬ ነበር።

«ታዲያ ቤት አብረን ስንኖር» አለ፣ «አንቺው ራስሽ አትጠይቂኝም ነበር?»

ጠይቄው አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ። እጁን ያዝኩት።

ከዚያ የሆስፒታሉ ነርስ በትንሿ ኩባያ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችለትን የጠዋት ክኒን አየት አደረገ። ገና አልዋጠውም። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋና ሁለትን ተጫነ። ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ትንሽ ቆይቶ አንስቶ አየው። መልሶ አስቀመጠው፣ መልሶ አነሳው።

«ዝም አለች» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተቀየመችኝ መሰለኝ።»

«አልተቀየመችህም አባዬ» አልኩት። «አይ ለሚል ሰው የሚሆን መልስ አልጻፍኩላትም።»